ስለ ሰቆጣና ስለ አባቶች ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ

የዋግ አገር ተራራውና ገደሉ የበዛ፥ ደጋውና ቆላው እጅግ የተቃረበ አገር ነው። ማለዳ ከብርዱ የተነሣ ጋቢ ደርቦ የወጣ መንገደኛ ወደ ተከዜ ሸለቆ በወረደ ጊዜ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ ላቡን ይጠርጋል። አገሩ በስተሰሜን ከትግራይ፥ በስተደቡብ ከላስታ ጋራ ይዋሰናል፤ በስተምዕራብ ያለው የተከዜ ወንዝ ከስሜን ይለየዋል። ዋና ከተማው ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባለው ስፍራ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከቆዩት ቤቶችዋ ብዙዎቹ በድንጋይ የተሠሩ ስለ ሆኑ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ምሽግ ይመስላሉ። ሕዝቡ አማርኛ ይናገራል፤ ከዚህም ጋራ ኽምጣና የሚባለውን የአገው ቋንቋ ከአባቶቹ ተረክቦ እስከ ዛሬ ድረስ ይነጋገርበታል።

ሰቆጣ የደረሰ እንግዳ ሁለት ነገር ሳያይ ቢመለስ ጉዞው ጎዶሎ ነው ይባላል። አንደኛው ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ የቀደሙት ዋግ ሹሞች በድን በሣጥን ሆኖ ተቀምጦ ይታያል። ዋግ ሹሞች ከዛጔ ነገሥታት ዘር እንደ ሆኑና በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንኳ በብር ዙፋን የመቀመጥ ክብር እንደ ነበራቸው ትውፊት ይናገራል። ሁለተኛው ገበያው ነው። በቀድሞ ዘመን ከአፋር የጨው ሜዳ የሚመጣው አሞሌ በዚህ ገበያ ይራገፍ ነበር፤ የዋግ ነጭ ማርም ዝናው ከአገሩ አልፎ የተሰማ ነው።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ሦስተኛውን፥ እንግዳ ብዙ የማያስተውለውን ነገር ነው። ይኸውም በቆዩት ቤቶች ውስጥ በምሰሶ ወይም በግድግዳ ተሰቅሎ የሚታየው የአባቶች ጠመንጃ፥ ከዚያም ይልቅ ባለ ሁለት አፈሙዙ ያደን ጠመንጃ ነው። ይህ መሣሪያ ለባለቤቱ ጌጥም፥ መታሰቢያም፥ ውርስም ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ታሪኩን እንጂ ቁጥሩን አያውቅም፤ ቁጥሩን አለማወቅ ደግሞ አንድ ጊዜ ሰውን ከዘመድ ያጣላል፥ አንድ ጊዜም እጅና ዐይን ያሳጣል። ስለዚህ ነገሩ የጦር ሰው ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ሆኖ አገኘነው።

ዋግ የጠመንጃን ነገር በብርቱ ዋጋ የተማረ አገር ነው። ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ጦር ወደ አገሩ ሲመለስ አዛዡ ናፒዬር ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ሁለቱ ወገኖች በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አቅራቢያ አሰም በሚባለው ስፍራ ተዋጉ። በሰው ብዛት የሚበልጠው የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ጦር ድል ሆነ፤ ደጃዝማች ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ከዚያ በኋላ የመጣው የዋግ ትውልድ መሣሪያን በመያዝ ብቻ ሳይሆን በማወቅም መትጋት እንደሚገባ ሳይነገረው ተረዳ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመንም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግን አርበኞች አሰልፈው ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ወደቁ፤ ጠላትም አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማሳየቱ እስከ ዛሬ በሐዘን ይነገራል። እንግዲህ በሰቆጣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጠመንጃ የባለቤቱን ዘር ታሪክ ይዞ የሚቆም ነው።

ያገራችን ሰው ለጠመንጃ ስም ማውጣት ያውቅበታል። እንግሊዛዊው ስናይደር በእኛ አፍ ሰናድር ሆነ፤ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ውጅግራ ተባለ፤ የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር፥ ለቤልም ለበን ሆኑ። እነዚህ ስሞች ለወታደር የተሠሩ ጠመንጃዎች ስሞች ስለ ሆኑ ስሙን የሰማ ሰው ጥይቱንም ያውቃል። ባለ ሁለት አፈሙዙ ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ከሌላው በውጭ መልኩ ቢመሳሰልም በውስጡ የሚጎርሰው ጥይት ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህ እርሱን የሚለየው ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው።

ቁጥር ማለት ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በእንግሊዞች ልማድ አንድ ፓውንድ ንጹሕ እርሳስ፥ ማለት 453.6 ግራም፥ ተመዝኖ በእኩል ክብደት ወደ ድቡልቡል ጥይቶች ይከፈላል። ከአንዱ ፓውንድ 12 ጥይት ቢወጣና ያ ጥይት በአፈሙዙ ልክ ቢገባ ጠመንጃው 12 ቁጥር ይባላል፤ 16 ቢወጣ 16 ቁጥር፥ 20 ቢወጣ 20 ቁጥር ነው። እንግዲህ ቁጥሩ በበዛ መጠን ቀዳዳው ይጠባል ማለት ነው። ይህ ለጀማሪ ሰው የተገላበጠ ይመስለዋል።

ነገሩን በሰቆጣ ገበያ መስፈሪያ ብንመለከተው ግን ይቀልላል። በቀድሞ ዘመን በገበያው ይዞር የነበረው የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ያገራችን ወቄትም በዚሁ ብር ክብደት ይለካ ነበር። አንዱ ፓውንድ 16 ብር ቢመዘን የሚተርፈው ከ5 ግራም ያነሰ ነው። ስለዚህ የ16 ቁጥር ጠመንጃ ድቡልቡል ጥይት አንድ ብር ያህል፥ የ8 ቁጥር ሁለት ብር ያህል፥ የ32 ቁጥር ግማሽ ብር ያህል ይመዝናል። የ12 ቁጥር አንድ ብር ከሢሶ፥ የ24 ቁጥር ደግሞ የብር ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ይህን በልቡ የያዘ ሰው ቁጥሩን ዳግመኛ አይስተውም።

ታላቁን ቁጥር ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ተከዜ ይመልከት። ይህ ወንዝ ወደ ታች ወርዶ ሰቲት በሚባልበት አገር ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ በ1854 ዓ.ም. ዝሆንና ጉማሬ ሲያድን ከረመ። የያዘው ሬይሊ የተባለ የሎንዶን ጠመንጃ ሠሪ የሠራለት ባለ ሁለት አፈሙዝ 10 ቁጥር ነበረ። ከዚህ ሌላ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተኩስ አንድ ነጠላ ጠመንጃ ነበረው፤ ይህም በቁጥር ቢነገር 2 ቁጥር መሆኑ ነው። ቤከር በቀልድ ሕፃኑ ብሎ ሰየመው፤ ዐረቦቹ አጋዦቹ ግን የመድፍ ልጅ ብለው ጠሩት። በሚዛን ብናየው ጥይቱ 8 የማርያ ቴሬዛ ብር ያህል ይከብዳል።

ብዙ ዓይነት ቁጥር የበዛበት ምክንያት ይህ ነው። በቀድሞው ዘመን ጠመንጃ በአፉ ይጎርስ ነበር። ባለቤቱ ባሩዱን በአፉ ያፈስሳል፥ እርሳሱን በላዩ ይጨምራል፥ በዘንግ ይጠቀጥቃል። የእርሳሱም መቅጃ ከጠመንጃው ጋራ አብሮ ይሸጥ ስለ ነበረ ሠሪው 13 ይሁን 15 ወይም 17 ቁጥር አድርጎ ቢሠራው ማንንም አያውክም ነበር። ከዚህ በኋላ፥ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1835 ዓመት ግድም፥ ለፎሾ የተባለ የፓሪስ ጠመንጃ ሠሪ ከወገቡ ተሰብሮ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ አወጣ። የእርሱም ጥይት ከጎኑ ብቅ ያለ ትንሽ መርፌ ነበረው፤ መምቻው መርፌውን ሲመታ ባሩዱ ይነድዳል። ቆይቶም ዛሬ እንደምናየው መካከሉ የሚመታ ጥይት መጣ። ጥይት በፋብሪካ ተሠርቶ በሣጥን መሸጥ በጀመረ ጊዜ ቁጥሩ ጥቂት መሆን ግድ ሆነ። 12 ቁጥር፥ 16 ቁጥርና 20 ቁጥር በዓለም ሁሉ ገነኑ። 10፥ 14፥ 24፥ 28 እና 32 ቁጥር የሚባሉት ግን እየቀነሱ ሄዱ። ቢሆንም በቤልጅግ፥ በፈረንሳይና በኢጣሊያ ለብዙ ዘመን ይሠሩ ነበርና በየአገሩ ተበትነው ቀሩ። በዛሬ ቀን በአሮጌ ቤት ተሰቅሎ የሚገኘው እንግዳ ቁጥር ከእነዚህ አንዱ ነው።

እኛ ወደ ሰቆጣ በሄድንበት ጊዜ በአንድ ቤት የውርስ ክርክር ተነሥቶ ሰማን። ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ስለ ሆነ የውርስ ዝርዝር ማንበብ ልማዳችን ነው። ቤቱን የሚጠብቁት አንዲት መነኩሲት ነበሩ። ከሣሾቹ የወንድማቸው ልጆች ናቸው። አያታቸው ሲሞቱ በተጻፈው አሮጌ ዝርዝር ላይ «ባለ ሁለት አፈሙዝ፥ 12 ቁጥር ጠመንጃ አንድ ከነዝናሩ» የሚል ቃል ነበረ። ልጆቹ ለአያታቸው መታሰቢያ ሊተኩሱበት አስበው 12 ቁጥር ጥይት ቢያመጡ ጠመንጃው አልጎርስ አለ። ከዚህ በኋላ በመነኩሲቲቱ ላይ ክፉ ጥርጥር አደረባቸው።

ታላቁ ልጅ በሽማግሌዎች ፊት፥ «እማሆይ፥ ክብርዎን መንካታችን አይደለም። ዝርዝሩ ግን 12 ይላል፤ ይህ ጠመንጃ 12 አይጎርስም። የአያታችን ጠመንጃ የት ደረሰ?» አለ።

እርሳቸውም፥ «ልጆቼ፥ አባቴ ከሰቀለበት እንጨት ላይ አላወረድሁትም። ለፋሲካ አቧራውን እጠርጋለሁ፥ መልሼ እተወዋለሁ። ከዚህ የተረፈ አላውቅም» ብለው መለሱ። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን መቍጠሪያውን አጥብቆ ይዞ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንድናየው ፈቃድ ሰጡን። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ አፈሙዙን ከሰደፉ አላቀቅነው። የብረቱ መልክ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነበረ። ከሥሩ፥ ሰደፉ በሚሸፍነው ስፍራ፥ ዘውድ ያለበት ሞላላ ማኅተም ተገኘ፤ በውስጡም ኢ፥ ኤል፥ ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ። ይህ ሊየዥ በምትባለው የቤልጅግ ከተማ ያለው የጠመንጃ መፈተኛ ቤት ማኅተም ነው። ዘውዱ በማኅተሙ ላይ የተጨመረው በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1893 ዓመት ስለ ሆነ ጠመንጃው ከዚያ ወዲህ እንደ ተፈተነ ታወቀ። ከማኅተሙ አጠገብ በባለ አራት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 24 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ የቀዳዳውም ስፋት በሚሊ ሜትር ተጽፏል። እንግዲህ ጠመንጃው 24 ቁጥር ነው።

ነገር ግን ይህ ብቻውን መነኩሲቲቱን አያድናቸውም ነበር፤ ከሣሾቹ ተለውጧል ባይ ናቸውና። ስለዚህ ዝናሩ ይምጣ አልን። ዝናሩ ያገር ቆዳ ሠሪ የሰፋው አሮጌ ቆዳ ነው። በአንዱ ኪስ ሦስት የናስ ቀለሃ ተወትፎ ቀርቶ ነበር። ቀለሃው ሲወጣ በቂጡ ላይ 24 የሚል ተነበበ። ከዚያም ልጆቹ ያመጡት 12 ቁጥር ጥይት በዝናሩ ማንገቻዎች በእያንዳንዱ ተሞከረ፤ በአንዱም አልገባ አለ። ዝናሩ ከጥንቱ የተሰፋው ለ24 ቁጥር ነበረ። ሽማግሌዎቹም ባለ ሁለት አፈሙዙን ሁሉ 12 ማለት በመንደሩ የቆየ ልማድ መሆኑን፥ ዝርዝሩን የጻፈውም ሰው ይህንኑ ልማድ እንደ ተከተለ ተረዱ። ልጆቹ ከእማሆይ እግር ወድቀው ይቅርታ ለመኑ። እርሳቸውም፥ «እኔስ ይቅር ብያለሁ፤ ዝርዝሩን ግን ዛሬውኑ አርሙት» አሉ። ዝርዝሩም በሽማግሌዎች ፊት ታረመ።

ክርክሩ ከተፈታ በኋላ አንድ ሌላ ነገር ተገለጠ። ታናሹ ልጅ 28 ቁጥር ጥይት አግኝቶ ነበር፤ በጠመንጃውም ሞክሮ ገብቶለት ስለ ነበረ በማግሥቱ ሊተኩስበት አስቧል። የ24 ቁጥር ቀዳዳ 14.7 ሚሊ ሜትር፥ የ28 ቁጥር 14 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ያንሳል። ነገር ግን ጥይት ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም። ልል ሆኖ የገባ ቀለሃ ሲተኮስ ዙሪያውን የሚደግፈው ግድግዳ ስለሌለው ይተረተራል፤ እሳቱም ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ልጁ ይህን ሰምቶ ጥይቱን ለሽማግሌዎቹ አስረከበ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን በየቤታቸው ያለውን አሮጌ ጠመንጃ እንዴት እንደሚለዩት በቅደም ተከተል እንግለጽ። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከኋላ የሚጎርሰው ተሰብሮ ይታያል። በአፉ የሚጎርሰው ግን ከአያት ዘመን ጀምሮ ጎርሶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ባሩድ ደርቆ ከቆየ በዕድሜ ብዛት አይሞትም። ስለዚህ ቀጭን ዘንግ በአፉ አስገብቶ መድረሻውን ምልክት ማድረግ፥ ከዚያም ዘንጉን በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጋራ ማስተያየት ነው። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ካልደረሰ በውስጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነውና ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የባለሙያ ነው። ይህም ሲደረግ ፊት በአፈሙዙ ትይዩ እንዳይሆን፥ ልጆችም እንዲርቁ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ማኅተሙን ማንበብ ነው። ማኅተሙ የሚገኘው በአፈሙዙ ሥር ነው። ሎንዶን፥ በርሚንግሃምና ሊየዥ ከቆዩት የመፈተኛ ቤቶች ይቈጠራሉ፤ የሊየዡ በ1672፥ የበርሚንግሃሙ በ1813 በኤውሮጳ አቆጣጠር የተቋቋሙ ናቸው። ማኅተሙን ሲያነቡ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ ከ1887 ወዲህ አንዳንድ ጊዜ 13 ተጽፎ በጎኑ 1 ይጨመራል፤ ይህ የአፈሙዙ ቀዳዳ በ13 እና በ12 መካከል መሆኑን ያመለክታል እንጂ የጥይቱን ቁጥር አይነግርም። የጥይቱ ቁጥር ለብቻው በባለ አራት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ሲ ከሚለው የላቲን ፊደል ጋራ ይጻፋል። ይህን ያላወቀ ሰው የተለመደውን 12 ቁጥር ጠመንጃ በዓለም ላይ የማይገኝ 13 ቁጥር ነው ብሎ በከንቱ ይደክማል።

ሦስተኛው መለካት ነው፤ ማኅተሙ በዝገት ወይም በአሸዋ ወረቀት ጠፍቶ ይሆናልና። ካሊፐር በሚባለው መለኪያ የቀዳዳው ስፋት ይታወቃል። 10 ቁጥር 19.7 ሚሊ ሜትር፥ 12 ቁጥር 18.5፥ 14 ቁጥር 17.6፥ 16 ቁጥር 16.8፥ 20 ቁጥር 15.6፥ 32 ቁጥር 13.4 ያህል ነው። ነገር ግን ከአፉ በኩል ብቻ መለካት ያሳስታል። ከ1870ዎቹ የኤውሮጳ ዓመታት ጀምሮ ጥቃቅኑ እርሳስ ተሰብስቦ ሩቅ እንዲሄድ የአፈሙዙን ጫፍ ማጥበብ ተለመደ። ጫፉ እጅግ የጠበበ 12 ቁጥር ጠመንጃ በአፉ ሲለካ ልክ 14 ቁጥር ይሆናል። የእንግሊዝ ፈታኞችም ይህን አውቀው በዚያን ዘመን 12 በውስጡ፥ 14 በአፉ የሚል ምልክት ያደርጉበት ነበር። ስለዚህ አፉም፥ መካከሉም፥ ከሁሉ በላይ ጥይቱ የሚያድርበት የኋላው ክፍል መለካት አለበት። የክፍሉ ርዝመትም ይታይ። በብዙ አሮጌ ጠመንጃ 65 ሚሊ ሜትር ሲሆን የዛሬው ጥይት ብዙው 70 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሙ ጥይት በአጭሩ ክፍል ሳይተኮስ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ስፍራ ስለሚያጣ ግፊቱ ከልክ ያልፋል።

ከሁሉ የከፋውን አደጋ ሳንናገር አናልፍም። 20 ቁጥር ጥይት በስሕተት በ12 ቁጥር ጠመንጃ ቢጨመር ተንሸራቶ ከክፍሉ ፊት ባለው ጥበት ይወተፋል። ተኳሹም ምላጩን ቢስብ ዝም ስለሚለው ባዶ ነው ብሎ 12 ቁጥር ጥይት ይጨምርበታል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ በአንድነት ይነድዱና አፈሙዙ የተኳሹ ግራ እጅ ባለበት ስፍራ ይፈነዳል። በዛሬው ዘመን ፋብሪካዎች 20 ቁጥርን በቢጫ ቀለም የሚለዩት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ መያዝ ከቶ አይገባም።

ስለ ብረቱም አንድ ቃል እንጨምር። ከላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ያልነው አፈሙዝ የደማስቆ ብረት ይባላል። የብረትና የአረብ ብረት ቀጫጭን ዘንጎች ተጠምዝዘው፥ በዘንግ ላይ ተጠቅልለው በእሳት የተያያዙ ናቸው። ለዐይን እጅግ ያማረ ነው። የተሠራው ግን ለጥቁር ባሩድ ነው። ጢስ የሌለው ያሁኑ ባሩድ ግፊቱ ልዩ ስለ ሆነ፥ በመጠምዘዣውም መካከል ለዐይን የማይታይ ዝገት ሊኖር ስለሚችል፥ ባለሙያ ሳይፈትነው መተኮስ ሞትን መጥራት ነው። ያገር ቀጥቃጭ ክፍሉን በሞረድ አስፍቶ 12 እንዲጎርስ ላድርገው ቢል እሺ ሊባል አይገባም፤ ግድግዳው ይሳሳል፥ የአባትም ቅርስ ይበላሻል።

ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ፥ ለቤት ጠባቂዎችም ሁሉ የምናሳስበው የመጨረሻው ነገር የጽሕፈት ነገር ነው። ዛሬ ባገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ በውርስ የደረሰን መሣሪያ ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅና በሕጉ መሠረት መያዝ ያስፈልጋል። በኑዛዜ ወይም በውርስ ዝርዝር ሲጻፍም «ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አንድ» ብሎ መተው አይበቃም። የማኅተሙ መልክ፥ የጥይቱ ቁጥር፥ የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር፥ የአፈሙዙ ርዝመት፥ በብረቱ ላይ የተቀረጸው ተራ ቁጥር፥ የሰደፉ ስንጥቅና ምልክት ሁሉ ይጻፍ። ዝናሩ፥ ቀለሃውና የእርሳስ መቅጃውም አሮጌ ነው ተብሎ አይጣል፤ የጠመንጃው ምስክሮች እነርሱ ናቸውና። ይህን ለመጻፍ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም፤ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ግን ክርክሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በዋግ ደጋ ያለው የአባቶች ጠመንጃ በማን ትከሻ እንደ ዋለ፥ በየትኛው ዘመቻ እንደ ተያዘ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉና ታሪኩ ከእነርሱ አፍ ይጻፍ። ቁጥሩ ግን ከብረቱ ላይ ይነበብ።